ጉሹን ለማዳን ወደ መርካቶ

ጎህ ሲቀድ፣ ኮተቤ

ሌላው ጸሐፊ ላሊበላ ይሄዳል፣ ሐረር ይሄዳል፤ አንባቢውም ይደሰታል። እኔ የምሄደው መርካቶ ነው፤ የምሄደውም ጠላ ልጠጣ ነው። ማፈር የፈለገ ይፈርልኝ፣ እኔ አላፍርም።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ቆርቆሮ ተራ ጀርባ እትዬ ዘውዴ የሚባሉ ጠላ ሻጭ አሉ። ደርግ በወደቀ ሰሞን ቤቱን ከከፈቱ ጀምሮ ሁለት ዓይነት ጠላ ይሸጣሉ። አንዱ ጉሽ ነው፤ አተላው ገና ሳይዘቅጥ የሚቀዳ፣ ደፍረስ ያለ፣ ጌሾው ምላስ ላይ የሚቆይ። ሌላው የጠለለው ነው፤ በጨርቅ ተጣርቶ፣ ረግቶ፣ ኮለል ብሎ የሚወርድ። የእኔ ጉሹ ነው። ወጣት ሳለሁም ጉሹ ነበር፣ ፀጉሬ ከሸበተም በኋላ ጉሹ ነው።

አሁን ሥራውን ልጃቸው ሮማን ተረክባለች። እሷ ደግሞ «ሁለት ዓይነት ሁለት ድካም ነው፤ ጉሹ ይቅር» አለች። እናትና ልጅ ሲከራከሩ ሰንብተው አንድ ውል ላይ ደረሱ፦ ቅዳሜ ሁለት እኩል ጋን ይከፈታል። ቀድሞ ያለቀው ይቀጥላል፣ የቀረው ከዚያ ቤት ይወጣል።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ጫማዬን አጥብቄ አስሬ ወጣሁ።

ማለዳ፣ ታክሲ ውስጥ

ከመገናኛ የያዝኩት ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ለሦስት በተሠራ ወንበር አራት ሰው ይጭናል። እኔ ጋቢና ገባሁ። ሾፌሩ የሹራብ ቆብ ያደረገ፣ ወሬ የሚወድ ጎልማሳ ነው።

«ፋዘር፣ በጠዋቱ ወዴት ነው?»

«ጠላ ልጠጣ።»

ሳቀ። «የጠለለ ነው እንጂ?»

«ጉሽ።»

«ኧረ ተው ፋዘር! ጉሽ ሆድ ይነፋል። ጠላማ ብርጭቆው ማዶ የተቀመጠውን ሰው ሲያሳይህ ነው።»

«ማዶ ያለውን ሰው ማየት ከፈለግህ መስኮት ተሠርቶልሃል» አልኩት። ከኋላ ነጠላ የለበሱ እናት በሳቅ ፈነዱ። «የድሮ ሰው ነገርም ሲያውቅ!» አሉ። ድሮ ያሉት ነገር ባይጥመኝም ድጋፍ ነውና ተቀበልኩት። ሾፌሩ ግን አልተመለሰም፤ ፒያሳን አልፈን ተክለ ሃይማኖት እስክንደርስ ድረስ ስለ ሆዴ ሰበከኝ። ስወርድ ሒሳቡን ተቀበለና «ለማንኛውም እግዜር ይማርህ» አለኝ።

ረፋድ፣ እህል በረንዳ

እህል በረንዳ ሰው ሳይሆን ጆንያ የሚኖርበት ሰፈር ነው፤ ሰው በጆንያው መሐል ቦታ ለምኖ ያልፋል። ማኛ ጤፍ፣ ሰርገኛ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ባቄላ። የዱቄቱ ብናኝ ቅንድብ ላይ ያርፋል፣ ሁሉም ሰው እኩል ያረጃል። «ጀርባ! ጀርባ!» እያሉ ተሸካሚዎች ሲመጡ ግድግዳ ላይ ተለጠፍኩ። ጤፍ ዘንድሮም ጨምሯል፤ ሻጩ ዋጋውን ሲነግረኝ ጥፋተኛው እኔ የሆንኩ ይመስል ተቆጣኝ።

የመጣሁት ጋሼ መንገሻን ፍለጋ ነው። ጋሼ መንገሻ የገብስ ነጋዴ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እትዬ ዘውዴ ቤት አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ስንቀመጥ ኖረናል፣ ሁለታችንም ጉሽ ይዘን። ለዛሬው ጦርነት የመጀመሪያው ወታደሬ እሳቸው ናቸው።

ነገሩን ስነግራቸው መሬት መሬት አዩ።

«ልጄ፣ እኔኮ ወደ ጠለለው ዞሬያለሁ።»

«ምን?»

«ጨጓራዬ አስቸገረኝ። ከፋሲካ ወዲህ ጉሽ አልቀመስኩም። አንተን ሳይ አፍሬ ነው ያልነገርኩህ፤ ጣሳው ደብቆልኝ ነበር።»

«ከዱኝ፣ ጋሼ!»

«እኔ መቼ ከዳሁህ፤ እኔን የከዳኝ ሆዴ ነው።»

ተናደድኩ፤ ንዴቴንም አልደበቅኩም። ሽማግሌውን አሳዘንኳቸው መሰለኝ ሚዛናቸውን አስጠብቀው «ለአንተ ስል አንድ ጣሳ እጠጣለሁ፣ የመጣው ይምጣ» አሉ። ሁለት የገብስ ነጋዴ ወዳጆቻቸውንም ጠሩ። ቀትር ላይ እትዬ ዘውዴ ቤት ልንገናኝ ተቀጣጠርን።

ከዚያ ቀጥሎ፣ በርበሬ በረንዳ

እዚህ የሚገባ ሰው ሰላምታ የሚሰጠው በማስነጠስ ነው። ዛላው ተከምሯል፣ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ነጭ አዝሙዱ በየጆንያው አፍ ከፍቷል። የሱቁ ባለቤት ሸምሱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው። ስልጤ ነው፣ ሙስሊም ነው፣ የአልኮል ጠብታ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ዕንባዬን እየጠረግሁ ተቀመጥኩ፤ ሻይ አዘዘልኝ።

«ወላሂ፣ አንተ በዚህ ዕድሜህ ለጠላ ትጣላለህ?»

«እጣላለሁ።»

«እሺ፣ ይሄን እየው።» ሁለት እፍኝ የተፈጨ በርበሬ አሳየኝ፤ አንዱ ደማቅ፣ ሌላው ጠቆር ያለ። «ጠቆር ያለው ይጣፍጣል። ገዢው ግን ሳይቀምስ ደማቁን አምጣ ይለኛል። ዛሬ ሰው የሚበላው በዓይኑ ነው።»

«እና ምን ትላቸዋለህ?»

«ደማቁን እሸጥላቸዋለሁ። ልጆች አሉኝ።» ሻዩን ፉት አለ። «አንተ ነጋዴ አይደለህም፣ ስለዚህ ተሟገት። አላህ ይርዳህ እንዳልልህ ደግሞ ነገሩ ጠላ ነው።»

ሳቅን። እየሳቅሁም ቢሆን ልቤ ኮራ፤ ትክክል መሆኔን ከማይጠጣ ሰው አፍ ሰማሁ።

ቀትር፣ ቆርቆሮ ተራ ጀርባ

የቆርቆሮው ድብደባ ጆሮ ይበሳል። ጣሳ የተደፋበት እንጨት በሩ ላይ ቆሟል፤ የእትዬ ዘውዴ ቤት ምልክቱ እሱ ነው። ውስጡ ጭቃ ግድግዳ፣ አግዳሚ ወንበር፣ የስንዴ ቆሎ በሳህን። ሁለቱ ጋኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እትዬ ዘውዴ እንደ ልማዳቸው ከየማሰሮው መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱና «ጠጡ፣ ደህና ነው» አሉ።

ሮማን ብርጭቆ ገዝታለች። ድሮ ሁሉም በጣሳ ስለነበር ማን ምን እንደያዘ አይታይም ነበር። አሁን የጠለለው ብርጭቆ ውስጥ ያበራል፣ ጉሹ የጎርፍ ውሃ ይመስላል። ከዱባይ ተራ የመጡ፣ ሞባይል ወገባቸው ላይ ያንጠለጠሉ ወጣቶች ብርጭቆዬን አይተው ተጠቃቀሱ።

«ጋሽዬ፣ ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ሲባል አልሰሙም?» አለኝ አንደኛው።

«ጠጅ ነው የተባለው» አልኩት። «ይሄ ጠላ ነው። ገብሱን የማያፍርበት ጠላ።»

ጋሼ መንገሻ ሁለቱን ወዳጆቻቸውን ይዘው ደረሱ። ጊዜ አላጠፋሁም። «ሮማን፣ ለሁሉም ጉሽ! በሞቴ፣ አንድም ሰው እንቢ እንዳይል!» በሞቴ የተባለ ሰው እንቢ አይልም፤ ጠጡ። ጋሼ መንገሻ ዓይናቸውን ጨፍነው ጨረሱት። የጉሹ ጋን ጎደል አለ። ደስ አለኝ።

ብርጭቆዎቹ ባዶ እንደሆኑ ጋሼ መንገሻ እጃቸውን አነሱ። «ብድር በምድር ነው። ሮማን፣ አሁን ደግሞ በእኔ! የጠለለ፣ ለሁሉም!» እንዴት እንቢ ልበል? እሳቸው ለእኔ ጨጓራቸውን ሰጥተዋል። ጠጣሁ። እሱን ሳንጨርስ አንደኛው ወዳጃቸው ተነሣ፦ «እኔስ ባዶ እጄን ልውጣ? የጠለለ፣ በሞቴ!» ቀጥሎ ሁለተኛው። ከዚያ የዱባይ ተራ ወጣቶች ለሽማግሌ ክብር ብለው ለሁላችን ላኩልን፤ እሱም የጠለለ።

አልገባኝም። እልህ ያዘኝና ጉሽ ደገምኩ፣ ወጣቶቹንም ጨምሬ ጋበዝኩ። ሁሉም መርቀው ጠጡ፣ ሁሉም በየተራ ብድራቸውን በጠለለው መለሱ። ሮማን ማሰሮዋን ይዛ አጠገቤ ቆመች።

«ጋሽዬ፣ አይደግሙም?» አለች ፈገግ ብላ።

ያኔ ነው የበራልኝ። እኔ አንድ ጉሽ ስጋብዝ ለጠለለው አራት ደጋሽ እየጠራሁለት ነበር። አገሩ የተጋበዘ ሳይመልስ የማይወጣበት አገር ነው፤ የሚመልሰውም የራሱ የሚጥመውን ነው። ይህን እንዴት ረሳሁት? በገዛ እጄ ጉሹን ገደል ከተትኩት።

ከሰዓት በኋላ ሮማን የጠለለውን ጋን አዘነበለችው። ባዶ ነው። ቤቱ አጨበጨበ። የጉሹ ጋን ገና ግማሽ አለው።

እትዬ ዘውዴ አጠገቤ ቁጭ አሉ። «ምን ላድርግህ ልጄ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ብያለሁ፣ ብያለሁ።»

አዘንኩ። ለጠላ ይታዘናል ወይ የሚል ካለ፣ አዎ ይታዘናል። የምወደው ነገር ሰው ሳይጠላው፣ እንዲያው በመልካም ፈቃድ፣ በምርቃት ሲሞት አይቻለሁ። ከዚያ ሐዘኑ ወደ እልህ ዞረ።

«እትዬ፣ አጠማመቁን ያሳዩኝ።»

«ለማን?»

«ለእኔ። ራሴ ልጠምቅ።»

ቤቱ ቆሎ እስኪያንቀው ሳቀ። «ወንድ ልጅ ጋን ሊያጥን!» አለ አንዱ። ሮማን እንኳ ማሰሮዋን አስቀምጣ ሳቀች። እትዬ ዘውዴ ግን አልሳቁም፤ ፊቴን ትንሽ አዩና ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመሩ። «ጋኑን በግራዋ እጠበው፣ በወይራ እጠነው። ጌሾና ብቅሉን ጠንስሰህ ተወው። አትቸኩል። እየከፈትህም አታስቸግረው።»

አመሻሽ፣ መርካቶ እስከ ኮተቤ

ጌሾ የምትሸጠው ሴት ሚዛኗን ይዛ «ባለቤትህ ቅጠሉን ነው እንጨቱን ያለችህ?» አለችኝ።

«ባለቤቴ ምንም አላለችኝም። የምጠምቀው እኔ ነኝ።»

ጎረቤቶቿን ጠርታ እኔን አሳየቻቸው። ቆሜ ታየሁ። ሲጨርሱ ቅጠሉንም እንጨቱንም ገዛሁ፣ ብቅልም ጨመርኩ፣ ታክሲ ውስጥ ከረጢቱን እግሬ መሐል ይዤ ተመለስኩ። የጌሾው ሽታ ሚኒባሱን ሞላው፤ ሰው ዞር ዞር እያለ አየኝ፣ እኔም መልሼ አየሁት።

ባለቤቴ ዓለምነሽ አስተማሪ ናት፤ ከተጋባን ጀምሮ ጠላ ጠምቃ አታውቅም፣ እኔም ጥመቂልኝ ብያት አላውቅም። በሩን ከፍታ ከረጢቱን አሸተተች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጌሾ።»

«ማን ሊጠምቀው?»

«እኔ።»

እላይ እታች አየችኝ። «አንተ? ሻይ እንኳ በቅጡ አታፈላም። ጠላ እኮ እጅ ይፈልጋል። ካላወቁበት እንደ ደፈረሰ ይቀራል፣ አይጠራልህም።»

«አይጥራ!» አልኳት፣ ጎረቤት በሚሰማው ድምፅ። «አይጥራ፣ ዓለሜ! እንደ ደፈረሰ ይቅር!»