ጨቅላውን ያሰረው መቀነት

ይህ የደረሰብን ባለፈው ዓመት ክረምት፣ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ቆቦ በመጣሁ ጊዜ ነው። የእህቴን ሕፃን ሞት አፋፍ ያደረሰው ክፉ ሰው አልነበረም።

እህቴ ሰዓዳ በሰባት ወሯ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ሰዓት እላፊ ስለነበር ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥተን በጭነት መኪና ጋቢና ሆስፒታል አደረስናቸው። ልጁ ከሁለት እፍኝ አይበልጥም። መጥባት አልቻለም፤ የእጁ ደም ሥርም ከክር ይቀጥናል። ስለዚህ ሐኪሙ በእትብቱ በኩል እስከ ልቡ አቅራቢያ የሚደርስ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ግሉኮስ ያንጠባጥብለት ጀመር። ቱቦው ላይ ያለውን ጥቁር ምልክት እያሳየን፣ "ይህ ከእንብርቱ ውጭ መታየት አለበት። ወደ ውስጥ ከገባ ልቡን ይነካል። ማንም እንዳይነካካው" አለን።

በማግስቱ ጨርቅ አጥቤ ስመለስ አክስታችን ዘይነባ ከዋጃ መጥታ አልጋው አጠገብ ተቀምጣለች። እህቴን እንቅልፍ ወስዷታል።

"ነይ እስቲ እይው!" አለችኝ ፊቷ በርቶ። "ራቁቱን ጥላችሁት ብርድ ሊጨርሰው! ተማርን ትላላችሁ፣ ልጅ መጠቅለል እንኳ አታውቁ። አሁን ሰው መሰለ።"

ሕፃኑን በነጠላ ጠቅልላ፣ ከደረቱ እስከ እግሩ በመቀነቷ ጥፍር አድርጋ አስራዋለች። እኛ አገር ጨቅላ እንዲህ ይታሰራል፤ አጥንቱ እንዲጠና፣ በእንቅልፉ እንዳይደነግጥ። እኔም እንደዚያው ታስሬ ነው ያደግሁት።

ከንፈሩ ግን ጠቁሯል።

ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ መናገር ያሳፍረኛል። ያን ቀን ግን ኮሪደሩን በጩኸት አቀለጥኩት። ሐኪሙ ሮጦ መጣና መቀነቱን በመቀስ ቆረጠው። ቱቦውን የያዘው ፕላስተር ተላጧል። ጥቁሩ ምልክት አይታይም። ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "የልቡ ምት ተዘበራርቋል" አለና ቱቦውን በቀስታ፣ የባቄላ ፍሬ ያህል ወደ ኋላ ሳበው። ከዚያ እንደገና ያዳምጥ ጀመር።

"ተስተካከለ" አለ በመጨረሻ። ኋላም በራጅ አይቶ አረጋገጠ።

"ያ ረቢ! በገዛ እጄ!" አለች አክስቴ።

ልጁ ዛሬ ይድሃል፤ ያገኘውን ሁሉ ይጎትታል። በባቄላ ፍሬ ርቀት መትረፉን ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል። አክስቴ ግን ከዚያ ወዲህ አቅፋው አታውቅም። ባለፈው ኢድ ጭኗ ላይ ባስቀምጠው፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንስታ፣ "ውሰጅው ልጄ፣ ውሰጅው" አለችኝ። ከድንጋጤው ይልቅ አሁን አንጀቴን የሚበላው ይህ ነው።