ጥም የመሰለ ሕመም

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሽተኛ ስታገላብጥ የኖረች ሴት፣ ጡረታ በወጣች በሳምንቱ፣ ማንም ሳያዛት የሰፈሩን ቆሻሻ መጣያ መቆፈር ለምን ጀመረች? ለዚህ መልስ ያገኘ የለም። ሲጠይቋት «ወገቤን ላፍታታ ብዬ ነው» ትላለች። ወገቧን ያመማት ግን ከዚያ ወዲህ ነው።

የሰፈሩ ሰው ሲስተር ይላታል። በሁለት ፎቆች መሐል ካለችው ጠባብ መሬት የጠርሙስ ስባሪና ያረጀ የሶፋ ሽቦ ስትለቅም መጀመሪያ ከመስኮት አዩዋት፤ በኋላ አፍረው ወረዱ። ፀጉር አስተካካዩ አካፋ ይዞ፣ ጡረተኛው ሾፌር ባሊና ምክር ይዞ መጣ።

መሬቱ ሲጸዳ የተከሉትን ጎመን ቀንድ አውጣ ጨረሰው። ካሮቱን ድንጋዩ አጣመመው። ሦስተኛው ቲማቲም ነበር። ሲስተር በመስኮቷ ደፍ ላይ በእርጎ ኩባያ ያሳደገቻቸውን ስልሳ ችግኞች ስታወርድ ሾፌሩ፣ «እንግዲህ ይሄም እምቢ ካለ እኔ የለሁበትም» አለ። የተቃወመው ሰው አልነበረም። ችግኙ ከሞተ ሁሉም ወደየቤቱ እንደሚገባ ሲስተር ያኔ ገባት።

በዐሥረኛው ቀን ችግኞቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ቅጠላቸውም ቢጫ ሆነ።

«ጠምቷቸዋል» አለ ፀጉር አስተካካዩ ባሊውን አንሥቶ።

«ቆይ!» ሲስተር ተንበርክካ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ከተተች፤ አውጥታ አሸተተችው። ኩሬ ኩሬ ይላል። «ዛሬ ውኃ ያጠጣ ማነው?»

ሾፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ጠዋት፣ ትንሽ ቢጤ።»

«እኔም ሱቅ ከመክፈቴ በፊት» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «አሳዘኑኝ፣ ምን ላድርግ?»

ልብስ ሰፊዋ ከሦስተኛ ፎቅ ጮኸች፤ «እኔም ከላይ በጎማ ረጭቻለሁ! ምነው፣ አልደረሰም እንዴ?»

ሲስተር ሳቋን ዋጠች። «እኔ ደግሞ ሳይነጋ ሁለት ባሊ። የመጀመሪያዋ ጥፋተኛ እኔ ነኝ። ሥሩ ውኃ በዝቶበት ሲታፈን ቅጠሉ የተጠማ ይመስላል፤ እኛ ደግሞ አዝነን እንጨምርበታለን።»

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲሉ እሰማ ነበር» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «እኛ ተባብረን ቲማቲም አሰጠምን!»

«ባሊዎቹን ሁሉ እኔ ቤት አስገቡ። አሁኑኑ ውኃውን የሚያወጣ ቦይ እንቆፍራለን። ከዚያ አምስት ቀን ጠብ የሚል ነገር የለም።»

«በዚህ ፀሐይ? አንቺ ሴትዮ፣ ጨካኝ ነሽ!» አለ ሾፌሩ።

«ጋሼ፣ ከቀዶ ጥገና የወጣ ሰው ውኃ ብሎ ሲለምነኝ ስንቴ ከልክያለሁ መሰለዎት? ስድባቸውን እየጠጣሁ ነው ያዳንኳቸው።»

ቦዩ ሲመሽ አለቀ። የከበደው እጅን መሰብሰቡ ነበር። በማግስቱ ሾፌሩ ፔርሙዝ በብብቱ ሸጉጦ ወደ ችግኞቹ መደብ ሲያዘግም ሲስተር ደረሰችበት።

«ምንድን ነው እሱ፣ ጋሼ?»

«ሻይ ነዋ።»

«እስቲ ይቅመሱልኝ።»

ቀዳ፤ እንደ መስተዋት የጠራ ነበር። «ስኳር አልጨመርኩበትም» አለ።

«ቅጠልም አልጨመሩበትም» አለችና እስኪጨርሰው ቆማ ጠበቀች።

ከዚያ ወዲያ በርጩማ አውጥታ መደቡ ራስጌ ተቀመጠች። ከወፍ ቀድማ ትወርዳለች፤ የመጨረሻው መብራት ሲጠፋ ትገባለች። የሚያልፉት «ሲስተር፣ ተረኛ ነዎት?» እያሉ ያሾፉባታል። እሷ ግን ስለ አፈሩ ቅንጣት አልተጠራጠረችም፤ የፈራችው የሰዎቹን ርኅራኄ ነበር።

በአምስተኛው ቀን አሥራ አራቱ ደርቀው ተገኙ። አርባ ስድስቱ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ አንዷን ቅጠል ከታች ደገፍ አደረጋትና፣ «ነገ የማጠጣው እኔ ነኝ» አለ።

«ማን ሰጠዎት? ተራው የኔ ነው!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ልብስ ሰፊዋም እየሮጠች ወረደች።

ጭቅጭቁ ደራ። ሲስተር ለእያንዳንዱ አንድ አንድ መስመር አካፈለችና እንደተጨቃጨቁ ትታቸው ወደ ቤቷ ወጣች። ልጇ «እማዬ፣ እራት ላቅርብ?» ስትላት «መጣሁ» ብላ አልጋዋ ጫፍ ላይ አረፍ አለች። አንድ ጫማዋን አወለቀች። ሁለተኛውን ተኝታ ሳለ ያወለቀችላት ልጇ ናት፤ ሰዓቱ ገና ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ነበር።