የሴቶቹ በር በፈረንጁ ቤት

ይህ ነገር የደረሰው ጣሊያን አንኮበርን ይዞ በተቀመጠበት ዘመን፣ እኔ ገና አዲስ ሙሽራ ሳለሁ ነው። የዚያን ጊዜ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህን ግን አፍንጫዬ አልረሳውም። ባለፈው ዓመት ልጄ አዲስ አበባ ወስዳኝ የደረቁ አውሬዎችና ወፎች በመስተዋት ውስጥ የሚታዩበት ቤት «ግቢና እዪ» ብትለኝ ከደጁ ተመለስኩ። አመመሽ ወይ አለችኝ። አላመመኝም፤ ሽታው ነው። ለእሷ ያልነገርኳትን ለእናንተ ልጽፈው ተነሳሁ።

የተዳርኩት ከአንኮበር ቁልቁል፣ ወደ አልዩ አምባ ገበያ በሚወርደው መንገድ አጠገብ ወዳለች አጥቢያ ነው። ከሠርጋችን በኋላ ብዙም ሳይቆይ ባሌ ከአርበኞቹ ጋር ጫካ ገባ። እኔ ከእናቱ ከእሜት ብርነሽ ጋር ቀረሁ። እሜት ብርነሽ ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ቀጭን፣ አፋቸው ለማንም የማይመለስ ሴት ነበሩ። በአገሩ ደንብ የሙሽራ ስም ያወጡልኝም እሳቸው ናቸው። ታከለች አሉኝ።

የአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ኪዳነ ምሕረት ነበረች። ጣሊያን አርበኞች ይጠለሉባታል ብሎ አቃጠላት። ደግነቱ ካህናቱ ታቦቷን ቀድመው ወደ ዋሻ አሽሽተው ነበር። ወታደሮቹ ከሄዱ በኋላ ቦታውን ያዩት የደብሩ ገበዝ መምሬ አስራት፣ ከአመድና ከድንጋይ በቀር የተረፈ የለም፣ በሮቿ ሳይቀሩ ነደዋል ብለው እያለቀሱ ተመለሱ።

ስለ በሮቹ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። ወንዶቹ በሰሜን፣ እኛ ሴቶች በደቡብ፣ ካህናቱ በምዕራብ ነበር የምንገባው። አንድ ጎልማሳ በሴቶቹ በር በኩል ዝር አይልም። የእኛ በር ወፍራም ዝግባ ነበር፤ መቃኑም እንደዚያው። ሴቱ ሁሉ ቅቤ የጠጣ ጸጉሩን አስጠግቶ ግንባሩን እያሳረፈ ስንት ዘመን ሲሳለመው ኖሮ፣ መቃኑ በግንባራችን ልክ ጎድጎድ ብሎ፣ ጠቁሮና ለስልሶ እንደ ቀንድ ዋንጫ ያብረቀርቅ ነበር። ሲጠጉት የቅቤና የአሪቲ ሽታ ይሸታል። እኔ በሙሽርነቴ የተሳለምኩት ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። እሜት ብርነሽ ግን በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ጀምሮ ያውቁታል።

አሁን ወደ ፈረንጁ ቤት ልምጣ። በአባቶቻችን ዘመን አንድ ፈረንጅ እዚያ አገር ተቀምጦ ወፍ፣ ጥንዚዛና ቅጠል ይሰበስብ ነበር ይባላል። ሽማግሌዎቹ ሲያወሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቢራቢሮ ሲያባርር ገደል ሊገባ ነበር እያሉ ይስቁበታል። በአገሩ ስሙ የተጠራ ሊቅ ነው አሉ። በሰውየው ቂም የለኝም፤ ከኋላው የተደረገውን አላየም። ቤቱ ፈርሶ መሠረቱ ላይ ሳማ በቅሎበት ነበር። የጣሊያኑ ሹም ይህን ሲሰማ፣ የሊቁ ቤት እንደ ጥንቱ ይቁም፣ አገሬውም እየመጣ ይጎብኘው ብሎ አዘዘ። ሠራተኞቹን ከደብረ ብርሃን አመጣ፤ የእኛን ሰው በአካባቢው አላስጠጋም። እንጨቱን ከየት እንዳመጡት የጠየቀ አልነበረም።

በተመረቀ ቀን ጭቃ ሹሙ በየደጁ እየዞረ ነጭ ለብሳችሁ ውጡ፣ የቀረ የአርበኛ ወገን ነው አለ። ባሏ ጫካ ያለ ሴት ምን ምርጫ አላት? እሜት ብርነሽና እኔ ነጠላችንን አጣፍተን ወረድን።

ሹሙ ቦቱን አስወልውሎ፣ ሚስቱ ባለ ላባ ባርኔጣ ደፍታ፣ ፎቶ አንሺው መሣሪያውን ተክሎ ጠበቁን። አስተርጓሚው ስለ ሊቁ ብዙ ለፈፈ። አንኮበርን ለዓለም ያሳወቀ እሱ ነው አለ፤ ነገሥታቱ ተቀምጠውባት የኖሩትን አንኮበርን ማለቱ ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባል የለ፤ ይኸኛውስ በምናውቀው አገር መጥቶ ነው። ካህናቱና ወንዶቹ ፊት ፊት እያሉ ገብተው አፍንጫቸውን ይዘው ወጡ። መምሬ አስራትም ገብተው ወጥተዋል። ከዚያ የሴቶቹ ተራ ሆነ።

እሜት ብርነሽ ከፊቴ ነበሩ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። እጃቸው ተነስቶ መቃኑን ዳበሰ። ከዚያ ነጠላቸውን ከግንባራቸው ገለጥ አድርገው ተጠጉና ተሳለሙት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። 

ሹሙ በደስታ ሊበር ደረሰ። ለሚስቱ እየጠቆመ አሳያት። ፎቶ አንሺው አምልጦት ኖሮ እንዲደግሙት ተጠየቁ። እሜት ብርነሽም ደገሙት፤ ከፊተኛው ይልቅ ቆዩበት። አስተርጓሚው ወደ እኛ ዞሮ ተናገረ።

«እናንተም እንደ እሳቸው አክብሩት። ሊቁን ማክበር እንዲህ ነው።»

ለአማቴ አፈርኩ። ተራዬ ደርሶ ግንባሬን ሳስጠጋ ግን ያ ጎድጓዳ ቦታ ልክ ግንባሬ ላይ ገጠመ። ልስላሴው ያው ነው። በራችን አልነደደም፤ ነቅለው ወስደውት ነበር። ከእኔ በኋላ የመጡት ሴቶችም እንዲሁ እየተሳለሙ፣ እያለቀሱ አለፉ። አንዳችንም ቃል አልተነፈስንም፤ አስተርጓሚው ጆሮውን ቀስሮ ቆሟል።

ግን ሽታው! ቅቤ የሚሸተው እንጨት፣ የሞተ አይጥ ከብል መድኃኒት ጋር ተቀላቅሎ የተነሰነሰበት መሰለ። ወደ ውስጥ ስንገባ ምክንያቱን አየሁ። ቤቱ ሙሉ የደረቀ አውሬ ነው። ሆዳቸው በጭድ የተሞላ ወፎች በእንጨት ላይ ተሰክተዋል፤ የአንዷ ስፌት ተፈትቶ ጭዱ ይንጠባጠባል። የዝንጀሮ ራስ ጥርሱን አግጥጦ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እባብ በጠርሙስ አረቄ ውስጥ ተጠቅልሏል። በዚያ መሐል ጠረጴዛ ዘርግተው ዳቦና ወይን ጠጅ ያቀርቡልናል።

ወደ በሩ ዞር ብዬ ሳይ በሩ ወደ ውስጥ ተከፍቶ፣ በውስጥ በኩል የጅብ ቆዳ ተወጥሮበታል። ከነጭንቅላቱ። እግሮቹ በአራት ማዕዘን በረጃጅም ምስማር ተመትተዋል። እናቶቻችን «ማሪኝ» እያሉ የተደገፉት በር ላይ ጅብ ቸንክረውበታል። መድኃኒቱ ከቆዳው እየቀለጠ በዝግባው ላይ ወርዶ ደርቋል። የሹሙ ሚስት የጅቡን ጆሮ እየዳበሰች ዳቦዋን ትገምጣለች። ሮጬ ወጥቼ አጥሩ ሥር አስመለስኩ።

ለእሜት ብርነሽ በሰው ሁሉ ፊት ሽልማት ተሰጣቸው፤ የሱፍ ብርድ ልብስ። እንቢ ቢሉ ልጃቸው ጫካ ነው። ተቀበሉ። ቤት ስንደርስ በአህያዋ ጀርባ ላይ ጣሉት።

«እሷ ይበርዳታል» አሉ።

ቀልዱ እዚያው ቀረ። መምሬ አስራት በዋሻው ደጃፍ ቅዳሴ ሲወጣ ሰው በተሰበሰበበት እሜት ብርነሽን አገዱ። በፈረንጅ ደጅ የተሳለመ አፍ ከዚህ ጠበል አይቀምስም አሉ። አማቴ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው በሩ የእኛ መሆኑን ነገሯቸው። መምሬ ሳቁ። አመዱን በዓይኔ ያየሁ እኔ ነኝ፤ የተሸለምሽበትን ለመሸፈን ኪዳነ ምሕረትን አትጥሪ አሏቸው። ሌሎቹ ሴቶች እኛም አይተናል ሲሉ፣ እናንተም የተሳለማችሁ ናችሁ ተባሉ። መምሬ በዚያ በር አጠገብ በዘመናቸው ቆመው አያውቁም፤ የማያውቁትን በር ግን የለም ብለው ማሉ። ካህን በመሆናቸው የምለውን ልተወው እንጂ፣ ከጅቡ ይልቅ ያንገሸገሸኝ ያ ሳቃቸው ነው።

ነገሩን ጮኸን እንዳንናገር፣ ጣሊያን ጆሮ ከደረሰ በሩን ፈልጦ ያነደዋል። ዝም አይነቅዝም አልን። አማቴ ግን ስማቸው ጠፋ። ማኅበር የሚጠራቸው፣ እሳት የሚጭርላቸው ታጣ። ፎቶግራፉ በአልዩ አምባ ገበያ ተለጥፎ፣ መንገደኛ ሁሉ «ይቺ ናት የፈረንጅ ደጅ ሳሚዋ» እያለ አሳየ። ወሬው ጫካ ደረሰ። ባሌ ከቆላ በመጣ የጨው ነጋዴ አፍ መልእክት ሰደደ።

«እናቴ ሞታለች በሉ» ብሎ።

እሜት ብርነሽ ይህን ሲሰሙ አላለቀሱም። ነጋዴው ውኃ ጠጥቶ እስኪሄድ ጠብቀው፣ ቀኑን ሙሉ የሽሮ እህል ሲለቅሙ ዋሉ። በየወሩ በኪዳነ ምሕረት ዕለት ግን ወደ ፈረንጁ ቤት መውረዳቸውን አልተዉም። እኔም፣ ሌሎችም ሴቶች አብረን እንወርዳለን። ዘበኛው ሊቁን ልታከብሩ መጣችሁ እያለ በደስታ ያስገባናል። እኔ ትንፋሼን ይዤ እሳለማለሁ፤ ከበሩ ጀርባ ያለውን አውቃለሁና ከንፈሬን እስክጠርግ ይቸኩለኛል። አማቴ ግን ከነሽታው ይስሙት ነበር። «እሷ ምን አደረገች? ታስራ ነው» ይሉኝ ነበር በሩን።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ጣሊያን ለቆ ሲወጣ አርበኞቹ ወረዱ። ባሌ ከእነሱ ጋር መጣ። ቤቱ አልገባም፤ እናቱን ሳያይ፣ እኔንም በእጁ ገፋ አድርጎኝ ችቦ ይዞ በቀጥታ ወደ ፈረንጁ ቤት ሄደ። አጥቢያው በሙሉ ተከተለው። ከፊት መምሬ አስራት መስቀል ይዘው «ይንደድ» ይላሉ።

እኔ ሮጬ ለአማቴ ነገርኩ። እንዴት ቀድመውኝ እንደደረሱ አላውቅም፤ እዚያ ስደርስ መቃኑን አቅፈው ቆመዋል። ባሌ ችቦውን ይዞ ከፊታቸው ቆሟል። ፊቱን ማየት ያስፈራ ነበር።

«ዞር በይ፤ እኔ እናት የለኝም» አላቸው። አንቺ ብሏቸው አያውቅም ነበር።

እሜት ብርነሽ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። ድምፃቸውንም አላነሱም።

«አቃጥላት፤ አልከለክልህም። ግን አንድ ነገር መልስልኝ። በጀርባዬ አዝዬህ ኪዳነ ምሕረት ሳስገባህ፣ በየትኛው በር ነበር የማስገባህ?»

ወንድ ሁሉ በዚያ በር የሚገባው በእናቱ ጀርባ ሳለ ብቻ ነው። እናቱ ግንባራቸውን ሲያሳርፉ የባሌም ጉንጭ እዚያው መቃን ላይ ያርፍ ነበር። አጎንብሶ፣ የእኛን ቁመት ያህል አጎንብሶ፣ ጉንጩን ጎድጓዳው ላይ አደረገ። እንደዚያ ሆኖ ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ችቦውን መሬት ላይ ደፍቶ በእግሩ አጠፋውና የእናቱን ጉልበት ሳመ።

በሩን ከፍቶ ጅቡን ሲያይ ያወጣውን ድምፅ ልጽፈው አልችልም። በጩቤ እየፈለቀቀ ቆዳውን ገነጠለው። ጸጉሩ ግን ከመድኃኒቱ ጋር ከዝግባው ተጣብቆ ቀረ።

በሩን ከነመቃኑ ወንዶቹ ተሸክመው፣ እኛ እልል እያልን ወጣን። ስም ከመቃብር በላይ ይውላልና የእሜት ብርነሽ ስም በዚያ ቀን ተመለሰ። መምሬ አስራት ከበሩ ፊት እየሄዱ፣ እግዚአብሔር የሰወረውን በር ለካህናቱ ገለጠላቸው እያሉ ሰበኩ። ይቅርታ አልጠየቁም። አማቴ «ተዪያቸው፣ አጎንብሰው አያውቁም» አሉኝ።

ቤተ ክርስቲያኗ ስትሠራ በሩ በደቡብ ቦታው ገባ። ጠበል ተረጨ፣ በአመድና በእንዶድ ታጠበ። ጸጉሩ ለቀቀ፤ የምስማሩ ቀዳዳና ሽታው ግን አልለቀቁም። ክረምት ሲገባ፣ እንጨቱ ሲረጥብ ይብሳል። እሜት ብርነሽ እስኪሞቱ ድረስ በየበዓሉ ከማሰሮ ቅቤ ይዘው መጥተው በእጃቸው ይቀቡት ነበር። ከእሳቸው በኋላ እኔ እቀባዋለሁ።

ከጣሊያን ጋር ሰው ታርቋል፤ እኔም ላለመጥላት ብዙ ሞክሬአለሁ። ግን ሰው ከእናቱ ቤት ደጅ ሲደርስ አፍንጫውን መያዝ አለበት? እስከ ዛሬ ትንፋሼን ይዤ ነው የምሳለመው፤ ለዚህም ያን ያደረጉትን እጸየፋቸዋለሁ። አንድ ቀን ለመምሬ አስራት፣ እርጅና ተጭኗቸው ሳለ፣ አባቴ ይህ ሽታ መቼ ነው የሚለቀን ብዬ ጠየቅኳቸው። ምን ሽታ? ምንም አይሸተኝም አሉኝ።

እሳቸው የሚገቡት በምዕራብ በኩል ነው።