ተቆጣጣሪውና የወረቀት ሰንሰለቱ

ይህን ጽሑፍ ሳልጽፈው ልቀር ጥቂት ነበር የቀረኝ። መምህራችን በየቀኑ ስለምናየው፣ ነገር ግን ስለ ኑሮው ጠይቀነው ስለማናውቀው አንድ ሰው እንድንጽፍ ባዘዙን ጊዜ፣ በመጀመሪያ የመረጥሁት ጡረታ የወጡ አንድ ዳኛ ነበሩ፤ ሦስት ገጽ ጽፌ ቀደድሁት። ቀጥዬ ስለ እትዬ ቁልፍ ጀመርሁና እሱንም አቋረጥሁ። የሰው ኑሮ እንደ እኔ ከመጽሐፍ ውጭ ብዙ ባላየ ሰው እጅ ሲገባ ይጎድላል ብዬ ሰጋሁ። ፈቃዳቸውን ልጠይቅ የሄድሁ ዕለት መደርደሪያ ይወለውሉ ነበር። «ጻፊው ልጄ» አሉኝ፣ ዞር ሳይሉ። «ግን ጥፋቴንም አብረሽ ጻፊው። ምስጋና ብቻ ከሆነ ይቅርብኝ።» ጥፋታቸውን መጻፉ ከምስጋናቸው ይልቅ ስለከበደኝ ከዚያ በኋላም አንድ ወር ቆየሁ።

እትዬ ቁልፍ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የጽዳት ሠራተኛ ናቸው። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። ቅጽል ስማቸውን ያገኙት ከወገባቸው ከማይለየው የቁልፍ ዘለላ ነው፤ በዘለላው ላይ ሠላሳ አንድ ቁልፎች አሉ፣ ከእነርሱም አራቱ ፈርሰው የተረሱ በሮች ቁልፎች ናቸው። ለምን እንደማይጥሏቸው ብጠይቃቸው፣ በሩ ቢፈርስ ቁልፉ ምን አጠፋ ብለው መልሰው ጠየቁኝ። ዘለላው ከሩቅ ሲንሿሿ በንባብ ክፍሉ ውስጥ የሚያንሾካሹክ ሁሉ ጸጥ ይላል፤ እሳቸው ግን ማንንም ሲቆጡ አይቼ አላውቅም።

ሥራቸውን የሚጀምሩበት መንገድ ለየት ያለ ነው። ሌላው ሠራተኛ ከመግባቱ አንድ ሰዓት ቀድመው ይመጡና፣ መጥረጊያውን በብብታቸው ሸጉጠው፣ ምንም ሳይነኩ ክፍሉን አንድ ጊዜ ይዞሩታል። ወለል የሚናገረው ሳይጠረግ ነው ይላሉ። የእርሳስ ቅራፊ ከበዛ ፈተና ደርሷል፤ ከአንድ ወንበር ሥር የዳቦ ፍርፋሪ ከተገኘ ምሳ መብያ ቦታ ያጣ ሰው አለ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ በማግሥቱ ጠጋ ብለው የዕቃ ክፍሉን አግዳሚ ወንበር በዓይናቸው ያሳዩታል። እኔም ያችን አግዳሚ ወንበር ያወቅኋት በዚሁ መንገድ ነው።

ድመቱን ያገኙት ከአምስት ዓመት በፊት በአሮጌ ጋዜጦች ሣጥን ውስጥ ነው፤ ዓይኑን እንኳ አልገለጠም ነበር። በመድኃኒት ማንጠብጠቢያ ወተት እያጠቡ አሳደጉት። አመድማ ነው፤ እግሮቹ ነጫጭ፣ አንድ ጆሮው የተተለተለ። ጠዋት ጠዋት በየጠረጴዛው ሥር እየገባ ቦርሳ ያሸታል፣ ቀና ብሎ የአንባቢውን ፊት ያያል፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ስለዚህ ተቆጣጣሪው ተባለ። በእኔ ዘንድ ሳይቆም ያለፈ ዕለት ቀኑን ሙሉ የሠራሁት ጥፋት ያለ ይመስለኛል። እሱ ከመምጣቱ በፊት አይጥ የአሥር ዓመት ጋዜጦችን ዳር ዳራቸውን በልታቸው እንደነበር ሠራተኞቹ ሁሉ ይመሰክራሉ።

የተቆጣጣሪው ነውር አንድ ነበር፤ የበዓል ጌጥ።

በየዓመቱ በዓል ሲቃረብ የንባብ ክፍሉን የሚያስጌጡት እትዬ ቁልፍ ናቸው። ማንም አላዘዛቸውም፤ በገዛ ፈቃዳቸው ጀመሩት፣ ከዚያ ወዲያ እንደ ግዴታ ተቆጠረ። ምድር ቤት የሚሠሩት መጽሐፍ ጠራዥ፣ ሁላችንም ጋሽ ሙጫ የምንላቸው፣ ዓመቱን ሙሉ ከሽፋን የሚተርፈውን ባለቀለም ወረቀት ያጠራቅሙላቸዋል። እትዬ ቁልፍ ቁርጥራጩን ቀለበት ቀለበት አድርገው አንዱን በአንዱ ውስጥ እያሳለፉ ያጣብቁታል። አርባ ሜትር ሰንሰለት ይወጣዋል፤ ከመብራት ወደ መብራት እየተወዘወዘ ክፍሉን በአራቱም ማዕዘን ይዞራል፤ በየመካከሉም ብርማ ኮከብ ይንጠለጠልበታል። የሦስት ሳምንት የምሳ ሰዓት ያልቅበታል።

ድመቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት በዓላት ሰንሰለቱን ዞር ብሎም አላየው። በሦስተኛው አንድ ጫፉን ጎትቶ ጣለ። በአራተኛው፣ ማለትም አምና፣ የከተማው እንግዶች ተሰብስበው ዋና ኃላፊው ንግግር በማድረግ ላይ ሳሉ ከመደርደሪያ ላይ ዘሎ አርባውን ሜትር አወረደው፤ አንዲት የተከበሩ እንግዳ ሰንሰለቱን እንደ ሻሽ ተጠምጥመው ታዩ። ሁሉም ሲያድግ ባለገ ብሎ ፈረደበት። እትዬ ቁልፍም ራሳቸው አብረው ፈረዱ፤ ይህ በኋላ ክፉኛ ጸጽቷቸዋል።

ዘንድሮ በዓሉ አንድ ወር ሲቀረው ከዋና ኃላፊው ቢሮ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ወጣ። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገር ግን ማንኛውም ነገር ካልተጻፈ የተፈጸመ አይመስላቸውም። ጉዳዩ «ድመትን ስለሚመለከት» ይላል። በዘንድሮው በዓል አንድ ኮከብ እንኳ ቢወድቅ፣ ድመቱ ከከተማ ዳር ወዳለው የዕቃ ግምጃ ቤት የሚዛወር መሆኑን ያስታውቃል። ጋሽ ሙጫ ደብዳቤውን መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡትና እንዲህ አሉ፦

«እኔ ሠላሳ ዓመት ዝውውር ጠይቄ ጠብ ያለልኝ ነገር የለም። ይኼ ደግሞ ሳይጠይቅ ተሳካለት።»

እትዬ ቁልፍ አልሳቁም። በግምጃ ቤቱ ሦስት የጥበቃ ውሾች እንዳሉ ያውቃሉ። ድመቱን ወደ ቤታቸው እንዳይወስዱት ደግሞ የሚኖሩት በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው፤ የቤቱ ባለቤት እንኳን ድመት ከእንግዳ ጋር የመጣ ሕፃንም ያስቆጣቸዋል። 

ያልሞከርነው የለም። እኔ ድመት የብርቱካን ልጣጭ ሽታ እንደማይወድ ከአንድ መጽሐፍ ላይ አንብቤ በታላቅ እርግጠኝነት መከርኋቸው፤ ተቆጣጣሪው ልጣጩን ሰብሰብ አድርጎ ተኛበት። ጋሽ ሙጫ በበኩላቸው ኮምጣጤ እንዲረጭ አዘዙ፤ አንባቢው ሁሉ ሲያስነጥስ ድመቱ ምንም አልሆነ። በመጨረሻ ጋዜጣ ክፍል ውስጥ ተቆለፈበት። እዚያ ሆኖ ያሰማው ዋይታ እስከ መንገድ ተሰማ። በመስኮቱ አጠገብ ለዓመታት ተቀምጠው ለማንም ቃል ተናግረው የማያውቁ አንድ ሽማግሌ አንባቢ ተነሥተው፣ «ወይ እሱን ፍቱት፣ ወይ እኔን አብራችሁ እሰሩኝ» አሉ። ተፈታ።

በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው ሰንሰለቱ ለሙከራ ተሰቀለ። በማግሥቱ ጠዋት ሩብ ያህሉ መሬት ላይ ነበር። ለፈተና ላጠና ማልጄ ስለመጣሁ እኔም ነበርሁ፤ ዋና ኃላፊው ግን ገና አልገቡም። እኔ ቀለበቱን ልለቅም ጎንበስ ስል እትዬ ቁልፍ እጄን ያዙኝ።

«ቆይ፤ አትንኪው። እስቲ መጀመሪያ ልየው።»

መጥረጊያቸውን ሸጉጠው እንደ ልማዳቸው ዞሩ። ሰንሰለቱ በሦስቱ ማዕዘን አንድም ቀለበት ሳይጎድልበት ተንጠልጥሏል። የጥርስና የጥፍር ምልክት ያለበት ቁርጥራጭ ሁሉ የተገኘው በአራተኛው ማዕዘን፣ ከካርታ መጻሕፍቱ ረጅም መደርደሪያ አጠገብ ብቻ ነበር። የተረፈውን መልሰው ሰቀሉ። ከዚያ ወንበር ስበው ከሥሩ ተቀመጡና ድመቱን ጭናቸው ላይ አኖሩት። እኔም ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ አጠገባቸው ቆምሁ። ድመቱ በክፍሉ ሙሉ የተዘረጋውን ጌጥ ከጉዳይ አልጣፈውም። ጥቂት ቆይቶ ግን በዚያች ማዕዘን ያሉት ቀለበቶች፣ አንድ ሰው በትንሹ እፍ እንዳለባቸው ሁሉ፣ ወዝወዝ አሉ። የተተለተለችው ጆሮ ቀጥ አለች፤ ጅራቱም መገረፍ ጀመረ።

«የሚያሳድደው የሚንቀሳቀሰውን ነው» አልሁ፣ ግኝቱ የእኔ ይመስል።

እትዬ ቁልፍ ቀና አሉ። ዓይናቸው ከመደርደሪያው በስተጀርባ ባለው መጋረጃ ላይ ነበር፤ ፊታቸውም አመድ መሰለ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ዕቃ ክፍል ውስጥ ሆነን፣ ነገሩን አጫወቱኝ። ከሁለት ዓመት ከመንፈቅ በፊት የዚያን መስኮት የላይኛውን መስታወት ሲያጥቡ መሰላሉ ይንሸራተትና ጫፉ መስታወቱን ይሰብረዋል። ስብርባሪውን ለቅመው፣ ለጊዜው ብለው ካርቶን ቆርጠው ይገጥሙበትና የመስኮቱን ቀለም ይቀቡታል፤ መጋረጃውንም ይጋርዱበታል። በማግሥቱ ጠዋት ለዋና ኃላፊው ሊናገሩ ሲሄዱ ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ተሰብስቦ ይደርሳሉ። ኃላፊው በሃያ ዓመት ውስጥ አንዲት ብርጭቆ እንኳ ያልሰበረች ሠራተኛ ብለው በስማቸው ጠርተው ያስጨበጭቡላቸዋል፤ በመስታወት ክፈፍ የገባ የምስክር ወረቀትም ይሰጧቸዋል። ንብረትን በጥንቃቄ ስለመጠበቅ ይላል ወረቀቱ። ያን ጊዜ አፋቸው ተያዘ። ካርቶኑ ከዓመት ዓመት እየተኮማተረ ንፋስ ማስገባቱን እያወቁ፣ ዛሬ ነገ ሲሉ ቆዩ። እኔ በዚያች ማዕዘን ሁለት ክረምት ተቀምጬ ሳስል የኖርሁትን፣ የደረቴ ድካም አድርጌ እቆጥረው ነበር።

ላጽናናቸው ፈለግሁ። ክፍተቱን በወረቀትና በሙጫ ብንደፍነው ሰንሰለቱ እንደማይንቀሳቀስ፣ ድመቱ እንደማይነካው፣ ማንም ምንም እንደማያውቅ ነገርኋቸው። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ጥሩ ምክር መስሎኝ ነበር። እሳቸው ረጋ ብለው ሰሙኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። ብንደፍነው ድመቱ ይተርፋል አሉ፤ ነገር ግን ባለጌ እንደተባለ ይቀራል።

በማግሥቱ ወደ ዋና ኃላፊው ቢሮ ስንገባ ድመቱን የታቀፍሁት እኔ ነበርሁ፤ የእሳቸው ሁለት እጆች ተይዘዋል። በቀኛቸው የምስክር ወረቀቱን፣ በግራቸው የተኮማተረውን ካርቶን ይዘዋል። ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ አኖሩና የሆነውን ሁሉ፣ ምንም ሳይጨምሩ ምንም ሳይቀንሱ፣ ቆመው ተናገሩ። ከዚያም እንዲህ አሉ፦

«ድመቱ ደብዳቤ የተጻፈበት በእኔ ጥፋት ነው። እኔ ደግሞ የማይገባኝን ወረቀት ግድግዳዬ ላይ ሰቅያለሁ። ደብዳቤውን ለእኔ ያድርጉልኝ፤ እሱን ይተዉት።»

 ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ካርቶኑን አገላብጠው አዩት። ተነሥተውም ወደ ንባብ ክፍሉ ሄዱ፤ ተከተልናቸው። እጃቸውን ከመጋረጃው በስተጀርባ አስገብተው ንፋሱ መዳፋቸው ላይ እስኪሰማቸው ድረስ ቆዩ። አንባቢዎች ስለ ቅዝቃዜው ላቀረቡት አቤቱታ ወፈር ያለ ልብስ እንዲለብሱ የሚመክር ማስታወቂያ የለጠፉት እሳቸው ነበሩ፤ ማስታወቂያው አሁንም አጠገባቸው አለ።

«እትዬ፣ ምነው ያኔውኑ ቢነግሩኝ?»

«ልነግርዎት መጥቼ ነበር ጌታዬ። ሲያመሰግኑኝ ደረስሁ።»

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ ደብዳቤ ወጣ። ድመትን ስለሚመለከት የተጻፈው የቀድሞው ደብዳቤ የተሻረ መሆኑን፣ ድመቱም በነበረበት የሥራ ቦታ የሚቀጥል መሆኑን ይገልጻል። የመስታወቱ ዋጋ በደንቡ መሠረት በሦስት ወር ከእትዬ ቁልፍ ደመወዝ ይቆረጣል። የምስክር ወረቀቱን ኃላፊው መሳቢያቸው ውስጥ አስገቡት፤ መልሰው አልሰጡም፣ እትዬ ቁልፍም አልጠየቁም። ወረቀቱ ከግድግዳዬ ከወረደ ወዲህ እንቅልፍ ተስማማኝ ብለውኛል። ጋሽ ሙጫ ግን አልለቀቋቸውም፤ ባዩዋቸው ቁጥር፣ አንዲት ብርጭቆ አልሰበረችም የተባለው እውነት ነው፣ መስኮት ከብርጭቆ አይቆጠርም እያሉ ያስቋቸዋል።

መስታወት ገጣሚው በበዓሉ ዋዜማ መጥቶ ሠርቶ ሄደ። በበዓሉ ቀን ሰንሰለቱ በአራቱም ማዕዘን እንደ ተሳለ ሥዕል ጸጥ ብሎ ተንጠልጥሏል። እንግዶቹ ገቡ፤ አምና የተጠመጠመባቸው የተከበሩ ሴትዮም መጥተው ከበሩ አጠገብ መቀመጥን መረጡ። ዋና ኃላፊው ንግግራቸውን ጀመሩ። ተቆጣጣሪው ጌጡን ቀና ብሎም ሳያይ በመካከል አለፈና፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ፈልጎ ፈልጎ፣ የኃላፊውን የጫማ ማሰሪያ አገኘ። እትዬ ቁልፍ ከኋላ ሆነው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ኃላፊው ወደ ታች አላዩም። ድመቱ ማሰሪያውን ፈትቶ እስኪጨርስ ድረስ እግራቸውን ሳያነቃንቁ ሁለት ገጽ አነበቡ።

እትዬ ቁልፍ የሚያገኙት ደመወዝ በወር ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ብር ነው፤ የመስታወቱ ተቆርጦ እስኪያልቅ ድረስ ግን እጃቸው ላይ የሚደርሰው ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ነው።