በስኒ የተለካ ሻይ

ባለቤቴ የሻይ ሰው ነበረች፤ እኔ የቡና። በትዳር በኖርንበት ዘመን ሁሉ በዚህ ነገር ተስማምተን አናውቅም። ጉለሌ ዳገቱ ላይ ባለችው ጠባብ ቤታችን ቀድሜ የምነሳው እኔ ስለነበርኩ ሁለቱንም የማፈላው እኔ ነበርኩ። የእሷ ሻይ ቅጠሉ በዛ ብሎ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ገብቶበት፣ እስኪጠቁር መፍላት አለበት። ስኳሩ ጥርስ ያሳምማል። በትልቁ ብርጭቆ፣ እስከ አፉ። ትንሽ ካጎደልኩበት «የቀረው ለማን ነው?» ትለኛለች። የእኔ ቡና ስኳር አያውቅም፤ እናቴ እንዳስለመደችኝ ጨው ጣል ይደረግበታል። እሷ «የከብት መድኃኒት» ነበር የምትለው።

አንድ ክረምት እግሯ ያብጥ ጀመር። ጫማ እምቢ አላት። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ነው ብለን ጋቢ ደረብንበት። ፊቷም ሲያብጥ ግን ሆስፒታል ወሰድኳት። ኩላሊቶቿ ሥራ ማቆማቸውን የነገረን ወጣት ሐኪም ነው። በማሽን ደሟን እየታጠበች መኖር ነበረባት።

«እናቴ፣ የሚጠጡት ነገር መውጫ የለውም» አላት ቀስ ብሎ። «ሳንባዎ ውስጥ ገብቶ ያፍንዎታል። ስለዚህ ውሃውም፣ ሾርባውም፣ ሻዩም በልክ ይሁን።»

«ሻዩም?» አለች። ከሰማችው ሁሉ እሷን ያስደነገጣት ይህ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሻይዋ በእኔ የቡና ስኒ ሆነ። ከንፈሯ ደርቆ እየተሰነጠቀ፣ አንዷን ጉንጭ አፏ ውስጥ ይዛ ትቆያለች። ዓይኗን ጨፍና ነው የምትውጠው። ያንን እያየሁ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብዬ ቡና መጠጣት አልሆነልኝም። ጀበናውን ሰቀልኩትና ዊንጌት ታክሲ መያዣው አጠገብ ከምትሸጥ ሴት እየጠጣሁ መመለስ ጀመርኩ።

አንድ ቀን ከበር ስገባ፣ «ቡና ጠጥተህ መጣህ አይደል?» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን መፍታት ጀመርኩ።

«እዚሁ አፍላ። ቢያንስ ላሽትተው። ማሽተትም በልክ ነው ብለዋል እንዴ?»

አፈላሁላት። ዕድሜዋን ሙሉ ንቃው የኖረችውን ቡና ጀበናውን አስጠግታ አሸተተች። ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በጾመ ፍልሰታ አንድ ጠዋት ስለ እሷ ልለምን እንጦጦ ማርያም ሄድኩ። ከቅዳሴ ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። እሷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ትንፋሿ እንደ ወናፍ ይሰማል። ብርጭቆው ባዶ፣ በራዱም ባዶ ነው። ቤቱ ቀረፋ ቀረፋ ይሸታል።

«ምን አደረግሽ?»

መናገር ስላቃታት በእጇ ብቻ ተወኝ አለችኝ። ጎረቤታችን በመኪናው ይዞን በረረ። ኦክስጅን አድርገው፣ ማሽን ላይ አስገብተው ያን ቀን አተረፏት።

ማታ ነፍስ ስትዘራ ልቆጣት ነበር። ፊቷን ሳይ አልቻልኩም።

«ሞተሽብኝ ነበር እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ። አንተን ላስደነግጥ ብዬ አልነበረም።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ጠማኝ። በቃ፣ እንደ ሰው ጠማኝ። አንድ ቀን እንኳን ሳልሰስት ልጠጣ ብዬ ነው።»

«ተጸጸትሽ?»

«ለአንተ አዘንኩ። ለሻዩ ግን አልጸጸትም።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። ሰውነቷ እጥበቱን መሸከም አቃተውና ጥቅምት ላይ፣ ጠዋት፣ እጄን እንደያዘች አረፈች። በመጨረሻው ሳምንት ሐኪሙ «የፈለጉትን ይስጧቸው» ብሎኝ ነበር። ያን ሲለኝ ገባኝ። ሮጬ ወደ ቤት ሄጄ እንደምትወደው አፍልቼ በፔርሙስ ወሰድኩላት። በማንኪያ ከንፈሯ ላይ ሳስነካት ራሷን ነቀነቀች። አልፈለገችውም።

ለቅሶ ላይ የዕድር ሴቶች ለመጣው ሁሉ ሻይ ይቀዱ ነበር። እህቷ አንድ ብርጭቆ አምጥታ «ቅመስ እንጂ፣ ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመስክም» አለችኝ። ተቀበልኳት። እጄ ላይ እንዳለ ቀዘቀዘ፤ ማንም ሳያየኝ ከድንኳኑ ጀርባ ደፋሁት።