ረቡዕና ዓርብ አይገደልም

በአርባ ስድስት ዓመቴ በስልክ የካርድ ጨዋታ ጀመርሁ። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ሳቁ ይመጣል፤ ይምጣ። የኮሌጅ ሬጅስትራር ሠራተኛ ነኝ፣ የመርጌታ ልጅ ነኝ፣ ቤቴ ጣና ዳር ሹም አቦ ሰፈር ነው፤ ከገበጣ በቀር ጨዋታ የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። የጀመርሁትም አምሮኝ አይደለም። ወንድሜ እዚያ ውስጥ ስለነበረ ነው።

ገበጣውን ያስተማሩን አባታችን ናቸው። የእሳቸው ገበጣ ደግሞ ሌላ ቤት የሌለ ሕግ ነበረው፤ ረቡዕና ዓርብ አይገደልም። ጾም ነዋ! የመጨረሻዋን ጠጠር ጠርገህ ልትጨርስ ስትል እጅህን ትሰበስባለህ፣ ዝም ብለህ ትነሣለህ፣ ማንም አላሸነፈም። "ቅዳሜ ግን ምሕረት የለም" ይሉን ነበር እየሳቁ። ወንድሜ በዚህ ሕግ ይቃጠል ነበር። "አባዬ ጾሙ ትዝ የሚላቸው እሳቸው ሲሸነፉ ብቻ ነው" ይለኛል በጆሮዬ። እውነቱን ነው። ሲያሸንፉ አንድም ዓርብ ትዝ ብሏቸው አያውቅም።

ከሦስት ዓመት በፊት በሁዳዴ ሁለቱ ከደሴቱ ገዳም በጀልባ ይመለሱ ነበር። አባቴ እዚያ ቅኔ ያስተምሩ ነበር። ወንድሜ ቅኔውን ከተማረ በኋላ ትቶት ኮምፒውተር ያጠና ነው፤ አባቴም ነገሩን ሳይወዱት ዝም ብለው ነበር። ያን ቀን ጀልባው ላይ ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ ጎንበስ ብለው ቢያዩ ካርድ ነው። "ቁማር! በሁዳዴ!" አሉ፣ አብረው የተሳፈሩት ካህናት ሁሉ እየሰሙ። ስልኩን ከእጁ ነጥቀው ጣና ውስጥ ወረወሩት።

ወንድሜም ከዚያ በኋላ ቤት አልቆየም። በሳምንቱ ሻንጣውን ይዞ ወጣ፣ ስልክ ቁጥሩንም ቀየረ። ሐዋሳ ነው፣ ደህና ነው፣ ከዚያ በላይ ወሬ የለም።

አባቴ ደከም ሲላቸው ማስተማሩን ትተው እኔ ጋ መኖር ጀመሩ። እራት ላይ ቁራሹን በእጃቸው ይዘው "ከዚያ ልጅ ወሬ የለም?" ይላሉ። "የለም አባዬ" እላለሁ። "እህ" ይሉና ይጎርሳሉ። ይህችን "እህ" ሦስት ዓመት ሰማኋት። አንዳንድ ቀን "እርስዎ አይደሉም እንዴ ያባረሩት!" ብዬ ልጮኽ ይቃጣኛል፤ እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ። ግን ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ዐይናቸውም ደክሟል። ልጃቸውን ሳያገኙ እንዳይሄዱብኝ ነበር የምፈራው። ውጬ እተወዋለሁ።

ከወንድሜ ጋር የማይጠፋፋ አንድ ሰው አለ፤ የልጅነት ጓደኛው ነው፣ እኛ ኮሌጅ የኮምፒውተር ቴክኒሻን ሆኖ ይሠራል። ስልክ ቁጥሩን ስጠኝ ብዬ ያልለመንሁበት በዓል የለም። "እትዬ፣ በማርያም አስምሎኛል" ይለኛል። በማርያም የማለን ሰው ምን ትሉታላችሁ? ባለፈው መስከረም ምሳ ሰዓት ላይ ግን ነገሩን አዙሬ ጠየቅሁት።

"ለመሆኑ ከሥራ ሲገባ ምን ያደርጋል?"

"ያንኑ ካርድ ይጫወታላ። እኔም አብሬው እጫወታለሁ።"

"እዚያ ጨዋታ ላይ ስሙ ማን ነው?"

ሳህኑን ገፋ አደረገው።

"በስልኩ አስማለህ፤ በጨዋታውም አስምሎሃል?"

ፀጉሩን አከከ፣ ወዲያ ወዲህ አየ። "አላስማለኝም" አለ በመጨረሻ።

ስሙን ነገረኝ። በልጅነቱ እኔ ያወጣሁለት የቁልምጫ ስም ነበር።

ነገር ግን ጀማሪ ዐሥር ደረጃ ካልወጣ ሰው መጋበዝ አይችልም ተባልሁ። መውጣት አለብኝ ማለት ነው። ጓደኛው እዚያው ካፍቴሪያው ጠረጴዛ ላይ ጨዋታውን አስረዳኝ። ሠላሳ ካርድ ትይዛለህ። እያንዳንዱ ካርድ ዋጋ አለው፤ አንዳንዱ በመጀመሪያው ዙር ይወጣል፣ አንዳንዱ እስከ ሰባተኛው ዙር ያስጠብቃል። ሁለታችሁም ሃያ ሃያ ነፍስ አላችሁ፤ ቀድሞ ያለቀበት ተሸነፈ። ካርዱ በዶላር ይሸጣል፤ የእኛ አገር የባንክ ካርድ እዚያ አይሠራም፣ ቢሠራም እኔ ለሥዕል ዶላር አልከፍልም። ያለኝ የሳምንት የኢንተርኔት ጥቅልና የኮሌጁ ዋይፋይ ነው።

"ያለ ገንዘብም ይሆናል" አለኝ። "በየቀኑ ሦስት ሥራ ይሰጥሻል፤ እሱን ከጨረስሽ በነፃ ካርድ ታገኛለሽ። አንድ ዓይነት መንገድ ምረጪና እሱን ብቻ ያዢ፣ ሁሉንም አትመኚ። ካርድ ሰብረሽ ስባሪውን ካጠራቀምሽ ሌላ ካርድ ይሠራልሻል። ግን የመጀመሪያውን ወር ምንም እንዳትሰብሪ፣ አደራ።"

ይህችን የመጨረሻዋን አልሰማኋትም፤ ወይ ሰምቼ ረሳኋት።

ቤት ገብቼ ጨዋታው ለጀማሪ የሚሰጠውን የካርድ ስጦታ ከፈትሁ። ወይ ጉድ! ቀንድ ያለው፣ እሳት የሚተፋ፣ የራስ ቅል በእጁ ያንጠለጠለ። የመርጌታ ልጅ ሆኜ ቀንዳም በኪሴ ይዤ ልዙር? አማተብሁና አንድ በአንድ ሰባበርኋቸው። መላእክቱን፣ አንበሶቹንና ጢማም ሽማግሌዎቹን አስቀረሁ። ልቤ ንጹሕ ሆኖ ተኛሁ።

በማግስቱ ጓደኛው ስልኬን ሲያይ ራሱን ያዘ። "እትዬ! ቀንዳሞቹ የት ሄዱ?"

"ሰበርኋቸው።"

"ስንቱን?"

"ሃያ ሁለቱንም።"

"የጀማሪ እጅና እግር እኮ እነሱ ነበሩ! ርካሾች፣ ፈጣኖች! ያለ ገንዘብ የሚጀምር ሰው በእነሱ ነው የሚወጣው!" አለና ሳቁ አሸንፎት ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። እንባው እስኪወርድ ሳቀብኝ። እኔ ተነሥቼ ሄድሁ፤ ሻይዬንም አልጨረስሁም።

አንድ ወር ሙሉ ተሸነፍሁ። መላእክቴ ግርማ አላቸው፣ ግን የሚደርሱት በሰባተኛው ዙር ነው፤ እኔ የምሞተው በአምስተኛው። ኮሌጁ ግቢ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ስልኬን ስሳደብ ተማሪዎች እየዞሩ ያዩኛል። ሦስተኛ ደረጃ እወጣለሁ፣ ሁለተኛ እወርዳለሁ። አንድ ቀን ተናድጄ ጨዋታውን ከስልኬ አጠፋሁት። ማታ "ከዚያ ልጅ ወሬ የለም?" ሲሉ መልሼ ጫንሁት።

ጥቅምት ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በረንዳ ላይ እየተጫወትሁ አባቴ አጠገቤ የዳዊታቸውን ማኅደር በዳሰሳ ይጠግናሉ። ድምፁን መቀነስ ረስቻለሁ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"የቢሮ ሥራ ነው አባዬ።"

"ቢሮሽ ሰይፍ ይማዘዛል?" አሉ። ድምፁን ቀነስሁት። መርፌያቸውን ማኅደሩ ላይ ሰኩና "ያ ልጅ ይጫወተው የነበረው ነው" አሉ። የጠየቁኝ አልነበረም።

ያኔ ደሜ ፈላ። "አዎ ነው! ይውሰዱና ይወርውሩት፤ ጣና እንደሁ ሩቅ አይደለም!" አልኋቸው። ከአፌ እንደወጣ ምድር በዋጠችኝ አልሁ። አባቴ ላይ እንዲህ ጮኼ አላውቅም።

አልተቆጡም። ክሩን በጣታቸው ጠቀለሉና "ገንዘብ ይበላል?" አሉ።

"አንድ ሳንቲም አልከፈልሁበትም።"

"ቁማር አይደለማ።"

"አይደለም አባዬ። ልክ እንደ ገበጣ ነው።"

"ያን ቀን ልጁን አልጠየቅሁትም ነበር" አሉ። "አንች ግን ለምን ጀመርሽው?"

ነገርኋቸው። ስሙን፣ ዐሥሩን ደረጃ፣ መላእክቱን፣ ሁሉንም። ሲሰሙኝ ማኅደሩን አስቀምጠው ወንበራቸውን አስጠጉ። "በይ እስቲ፣ ሠላሳዎቹን በቃልሽ ንገሪኝ" አሉ። ዐሥራ አንደኛው ላይ ቆምሁ።

"በቃልሽ የማታውቂውን ይዘሽ ነው የምትገጥሚ? የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤት በጉባኤ ቃና ነው የሚጀምር። አንች ገና ከመግባትሽ የስምንት ቤት መወድስ አማረሽ። ይኸ ክንፋሙ ስንት ዙር ያስጠብቃል?"

"ሰባት።"

"እስከዚያማ አልቀናል። ስበሪው።"

"መልአክ እኮ ነው አባዬ!"

"ሥዕል ነው ልጄ። መልአክ በስልክ አይሰበርም። ስበሪው።"

መርጌታው አባቴ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብለው መላእክት አሰበሩኝ። በስባሪው ንቦች፣ አይጦች፣ ዱላ የያዙ ገበሬዎች ሠራን፤ ሁሉም ርካሽ፣ ሁሉም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች የሚወጡ። ጓደኛው የመከረኝን አራት ቀንዳሞችም መለስን፤ እነሱን ስሠራ አባቴ ፊታቸውን ወደ ጓሮው አዞሩ። ዐይናቸው ጽሑፉን ስለማያነብላቸው እኔ አነብላቸዋለሁ፤ በሁለት ቀን ሠላሳዎቹን በቃላቸው ያዙ። ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስመለስ በረንዳ ላይ ይጠብቁኛል። "ንቧን ያዢያት፣ አሁን አታውጫት" ይሉኛል። ሲሳካልን በመዳፋቸው ጭናቸውን መታ ያደርጋሉ።

ስድስተኛ ደረጃ እንደደረስን ጾመ ነቢያት ገባ። "እስከ ገና አንነካውም" አሉ።

"የየቀኑ ሥራ ያልፈናል! ስጦታው ይቀርብናል!"

"ይቅር።"

አርባ ሦስት ቀን! ቀረ። ወንድሜን እያሰብሁ ተቃጠልሁ። ለገና ዶሮው ተበልቶ እጃችንን እንደታጠብን ግን "በይ አምጪው" ያሉት እሳቸው ናቸው። ጥር አጋማሽ ላይ ዐሥረኛ ደረጃ ወጣን።

ግብዣውን ላክሁ። የእኔ ስም ጨዋታው ራሱ የሰጠኝ ቁጥር ስለሆነ ማን እንደሆንሁ አያውቅም። ሦስት ቀን ዝም አለ፤ በአራተኛው ተቀበለ። ይህን ስነግራቸው አባቴ ተነሥተው ቆሙ፣ ከዚያ የት ሊሄዱ እንደነበር የረሱ መሰለኝ፣ መልሰው ተቀመጡ።

"ልንጽፍለት እንችላለን?"

"አይቻልም አባዬ። ጨዋታው የሚያውቀው ስድስት ቃል ነው፤ ያንን ከመጫን በቀር አያጽፍም።"

"ይቅርታ የሚል አለው?"

"አለው። ግን እዚህ ሰው የሚጫነው ለማሾፍ ነው።"

"እህ" አሉ።

በነጋታው ዓርብ ነበር። ቅዳሴ ወጥተው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቀመሱ በኋላ "ሐይቁ ዳር እንውጣ" አሉኝ። ባጃጅ ይዘን የጀልባው መቆሚያ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ከደሴቶቹ የመጡ ጀልባዎች ሰውና እንጨት ያራግፋሉ። ስልኬን ከፈትሁ፤ የወንድሜ ስም አጠገብ መግባቱን የምታሳይ አረንጓዴ ነጥብ በርታለች። እንጋጠም ብዬ ላክሁለት። ተቀበለ።

የአባቴ እጅ ትከሻዬ ላይ አርፏል። ወንድሜ ቀስ ብሎ፣ ትልልቅ ካርድ እያጠራቀመ ነው የሚጫወተው። የእኛ አይጦችና ንቦች አላስቆም አሉት። ዐሥራ አምስት፣ ዘጠኝ፣ አምስት። በስድስተኛው ዙር ሁለት ነፍስ ቀረችው፤ እኔ ዘንድ ሁለት የምትቀንስ ንብ አለች። አበቃ። ጣቴን አነሣሁ።

አባቴ እጄን ያዙኝ። "ዛሬ ዓርብ ነው።"

"አባዬ፣ ይኼ እኮ—"

"ዓርብ ነው አልሁሽ። ተዪው።"

ንቧን ሳልነካ ተራዬን አሳለፍሁ።

ወንድሜ በኩል ምንም አልተንቀሳቀሰም። እጁ ሙሉ ካርድ ነው፣ አንድም አላወጣም። ጊዜው እያለቀ፣ እያለቀ ሄዶ በራሱ ወደ እኔ ተመለሰ። ኔትወርኩ የጠፋ መሰለኝ። አባቴ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። አሁንም ሳልነካው አሳለፍሁ። በዚህኛው ጊዜ ወዲያው ተራውን መለሰው፤ ምንም ካርድ ሳያወጣ። ዓርብ ዕለት በገበጣችን እንደምናደርገው እጁን ሰብስቧል።

ከዚያ ጨዋታው ላይ የስልክ ጥሪ መጣበት። የማላውቀው ቁጥር ነው። የእኔ ቁጥር ዱሮም ያው ነው፤ ቀይሬው አላውቅም። ድምፁን ከፍ አደረግሁና ለአባቴ ሰጠኋቸው፤ እኔ ብናገር አለቅስ ነበር።

"አባዬ?" አለ ወንድሜ። ድምፁ ወፍሯል። "እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ ልጄ። ያን ቀን ምን እንደሆነ ሳልጠይቅህ ነው የወረወርሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በለኝ።"

አንዲት ጀልባ ሞተሯን አጠፋች።

"እያሸነፉ ነበር እኮ አባዬ" አለ።

"አዎን" አሉ አባቴ ሐይቁን እያዩ። "እያሸነፍሁ ነበር።"

ሳቀ ወይ አለቀሰ፣ አልለየሁትም። አባቴ ስልኩን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ወደ አፋቸው አስጠጉት።

"ነገ ግን ቅዳሜ ነው" አሉት። "ነገ ምሕረት የለም።"