የሲግቢዮርን ሁለተኛ ድምፅ

እኔና ሲግቢዮርን የምንሠራው በአንድ መርከብ ላይ ነው። መርከባችን ከደሴቷ ወደ ዋናው የብስ ሰውና መኪና ታመላልሳለች። እኔ ላይኛው ፎቅ ዋፍልና ቋሊማ እሸጣለሁ፤ እሱ ታች ገመድ ይስባል፣ በእጁ ምልክት እየሰጠ መኪኖቹን ያስገባል፣ ያስወጣል። ቢጫ ቱታውን ለብሶ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ ላየው፣ ይህ ሰው አንድ ጊዜ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ያስጨፍር ነበር ቢባል ማን ያምናል?

ነበር ግን። በወጣትነቱ ከሁለት የመንደራችን ልጆች ጋር ባንድ አቋቁሞ ነበር። ራግንፍሪድ ድራም ትመታለች፣ ቱርሙድ ቤዝ ጊታር ይጫወታል፣ ሲግቢዮርን ጊታሩን አንግቶ ይዘፍናል። ባንዱን «ቴርነ» አሉት፤ በበጋ ደሴታችንን የምታደነቁር የባሕር ወፍ ናት። የሚጫወቱት ፓወር ፖፕ የሚባለውን ነው። ጊታሩ ግድግዳ ያንቀጠቅጣል፤ ዜማው ግን አንዴ የሰማው ሰው ሁሉ ዕቃ እያጠበ የሚያንጎራጉረው ዓይነት ነው። የሲግቢዮርን ድምፅ ከዚያ ሁሉ ጩኸት በላይ ይወጣና ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያኔ ስሰማው ሰውነቴን ውርር ያደርገኝ ነበር። ሁለት አልበም አወጡ፣ ኦስሎ ድረስ ተጠሩ፣ ሬዲዮው ላይ ከርመው ነበር።

ከዚያ አንገቱ ላይ ዕጢ ወጣበት። ቀዶ ጥገናው ሕይወቱን አተረፈለት፤ ነገር ግን ዕጢው ከሁለቱ የድምፅ አውታሮቹ የአንዷን ነርቭ ጠምጥሞ ይዞት ስለነበር ነርቩን ማዳን አልተቻለም። ከሆስፒታል ሲወጣ የሚያወራው በሹክሹክታ ነበር። ጊታሩን ለእህቱ ልጅ ሰጠ። ባንዱም «ተበተንን» እንኳ ሳይል ዝም አለ። ራግንፍሪድ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ሆነች፤ ቱርሙድ የአባቱን በጎች ተረከበ። ወደ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሦስቱ በዚያች ጠባብ ደሴት ላይ ሲገናኙ ስለ ነፋሱና ስለ ዝናቡ ያወራሉ እንጂ ስለ ሙዚቃ ትንፍሽ አይሉም።

ድምፁ ግን ማንም ሳያስተውል ይመለስ ነበር። ከሞተርና ከነፋስ ጋር እየታገለ «ወደ ግራ! ቁም! ና፣ ና!» ሲል ሲውል፣ የቀረችው አንዷ የድምፅ አውታር የሁለቱን ሥራ ለመደች መሰለኝ።

ይህን ያወቅነው ኅዳር ላይ ነው። የራግንፍሪድ አውቶቡስ ከውሃ ዋና ትምህርት የሚመለሱ ሕፃናትን ጭኖ መርከቧ ላይ ነበር። መንገድ ላይ ማዕበል ያዘን። ወደቡ ደጃፍ ደርሰን መጠጋት ስላልተቻለ ካፒቴኑ የመርከቧን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዙሮ መጠበቅ ጀመረ። እኔ የማስታወኪያ ከረጢት ይዤ፣ ግድግዳ እየተደገፍኩ ወደ አውቶቡሱ ወረድኩ። ገሚሱ ያለቅሳል፣ ገሚሱ እናቱን ይጠራል። ሲግቢዮርን የጎማዎቹን ማሰሪያ ሊያይ መጥቶ በሩን ከፈተና ልጆቹን አያቸው። ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ውሃ ከቱታው ይንጠባጠባል። ከዚያ ዘፈነ።

የድሮ ዘፈኑ አልነበረም፤ እኔ ሰምቼው የማላውቀው ነው። ድምፁም የድሮው አይደለም። ወፍራም፣ ሻካራ፣ ከደረቱ ሥር የሚወጣ ነው። ልጆቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ሲጨርስ አንዲት ትንሽ ልጅ «ድገመው» አለችው፤ ደገመው። ዞር ስል ራግንፍሪድ መሪውን በሁለት ጣቷ እየመታች ነው። እንባዋ ይወርዳል፣ ጣቶቿ ግን ምቱን አልሳቱም።

ወደቡ ስንደርስ በመስኮቷ ጠራችው።

«ያ ዘፈን የማን ነው?»

«የማንም አይደለም።»

«ሂድ ወዲያ! እንዲህ ያለ ዘፈን ስንት አለህ?»

«ተይኝ እስቲ ራግንፍሪድ። ይሄም ድምፅ ሆኖ! ዘይት ያልነካው የበር ማጠፊያ ነው።»

«በሩ ከተከፈተ ምን ቸገረኝ? ቅዳሜ ጸሎት ቤቱ እንገናኝ። ብትቀር አውቶቡሴን ደጅህ አቁሜ ጥሩምባ ስነፋብህ ነው የምውለው።»

የመንደሩ ጸሎት ቤት ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ምድጃውን ላነድድ ሄጄ እዚያው ቀረሁ። ቱርሙድ በጎቹን ማን ያይልኛል እያለ ሲያጉረመርም፣ ራግንፍሪድ «በጎችህ ካንተ ይሻላሉ፤ እነሱ ቢያንስ እኩል ነው የሚገቡት፣ እንዳንተ ከምቱ አይዘገዩም» አለችው።

ጅማሬው አሳዛኝ ነበር። ሲግቢዮርን እንደ ድሮው ዜማውን በቀጭን ድምፅ ከላይ ሊይዘው ሞከረ። ድምፁ ተሰነጠቀ፤ ደግሞ ሞከረ፣ ተሰነጠቀ። ከእህቱ ልጅ የተዋሰውን ጊታር ወንበር ላይ አስቀምጦ በረዶው ላይ ወጥቶ ቆመ። ቱርሙድ ተከትሎት ወጣ። በሩ ክፍት ስለነበር ሰማሁት።

«ስማ፣ ላዩን ለኛ ተወው። አንተ ታች ሁን።»

«እናንተ? እናንተ እኮ ከኋላ 'ኡ ኡ' ከማለት በቀር ዘፍናችሁ አታውቁም።»

«ፊት ቆመህ ቦታ መች ሰጠኸን?»

ሲግቢዮርን ሳቀ። ተመልሰው ገቡ።

ቀጥሎ የሆነውን ልክ እንደነበረ መናገር ያቅተኛል። ራግንፍሪድ አራት ቆጠረችና ጊታሮቹ ፈነዱ፤ የመስኮቱ መስታወት ተርገፈገፈ። ያ ሻካራ ድምፅ ከታች ተነሣ። ከላዩ የሁለቱ ድምፅ ቀጭንና ጥርት ብሎ፣ ትንሽ እየፈራ ወጣ። አብሬያቸው ያደግኳቸው ሰዎች ናቸው፤ አንዷ የልጆቼ ሹፌር፣ አንዱ በግ የሚሸጥልኝ ጎረቤት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ውስጣቸው ተቀምጦ ስንት ዓመት ሰላም ብዬ አልፌያቸዋለሁ። የማገዶውን እንጨት እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፤ እሳቱም ጠፋ። ማንም ብርዱን ልብ አላለውም።

አዲስ አልበም እዚያው በክረምቱ ቀዱ። ዘፈኖቹ ሁሉ አዲስ ናቸው፤ በገመድና በሞተር መካከል ሲግቢዮርን በጭንቅላቱ ሲሠራቸው የኖራቸው። በጸደይ ወጣ። ሀብታም አላደረጋቸውም። ሬዲዮ አጫወተው፣ በየደሴቱ ተጠሩ፣ ሲግቢዮርንም ፈረቃውን አልለቀቀም።

በወጣበት ዕለት ካፒቴኑ ደንቡን ጥሶ የመጀመሪያውን ዘፈን በመርከቧ ድምፅ ማጉያ ለቀቀው። ወደቡ ልንደርስ ጥቂት ቀርቶን ነበር። ሲግቢዮርን ታች ገመድ ይዞ ነበር፤ ፊቱ ደም መሰለ። ሰዎች ከመኪናቸው ወጡ፤ ምርኩዝ የተደገፉ አሮጊቶች፣ ሠራተኞች፣ የዓሣ መኪና ሹፌሮች በነፋሱ ውስጥ ቆሙ። መርከቧ ተጠጋች፣ መውጫው ወረደ። ሲግቢዮርን እንደ ልማዱ እጁን አውለብልቦ «ና! ና!» አለ። አንድም መኪና አልተንቀሳቀሰም። ወዲያ ማዶ ሊሳፈሩ ከተሰለፉት አንዱ ጥሩምባውን ነፋ፤ ከዚያ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሰማና ሞተሩን አጠፋ። ሲግቢዮርን የሚያደርገው ጠፍቶት እጁን አወረደ፤ ኮፍያውን አወለቀና ከሰዎቹ ጋር ቆሞ እስኪያልቅ አዳመጠው።